ሞተሩ ይሠራል፣ ጋዙ አይቆይም፦ የአንድ የባሕር ዳር ቤት ኤሲ ጉዳይ

በመጋቢት 2017 ጡረታ የወጡ አንዲት የሒሳብ መምህርት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ኤሲያችን አሁንም ጋዝ ጨረሰ፤ መጥተህ ሙላልን» አሉኝ። ማቀዝቀዣ መጠገን እንጀራዬ ስለሆነ ሙቀቱ በገባ ቁጥር እንዲህ ያለ ስልክ ይመጣልኛል። ሁልጊዜ የምትቆረቁረኝ «አሁንም» የምትለዋ ቃል ናት። ኤሲ ጋዝ አይጨርስም። መኪና ቤንዚን እንደሚያቃጥለው፣ ምድጃ ከሰል እንደሚበላው አይደለም። ጋዙ በታሸገ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፤ ከክፍሉ ሙቀት ተሸክሞ ይወጣል፣ ውጭ ይጥለዋል፣ ባዶውን ተመልሶ ይገባል። ቱቦው ካልተቀደደ በቀር በ10 ዓመትም ቢሆን መጠኑ ያው ነው። ስለዚህ «አሁንም ጨረሰ» ማለት ቀዳዳው አሁንም እዚያው አለ ማለት ነው።

ይህን ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልጽፈው የፈለግሁት ውሳኔው ቀላል ስላልነበረ ነው። ኤሲው ጨርሶ ቢሞት ኖሮ የሚያከራክር ነገር አይኖርም ነበር። ይነሳል፣ ድምፁ ደህና ነው፣ ትንሽም ቢሆን ያቀዘቅዛል። ይጠገን ወይስ ይጣል የሚለው ጥያቄ ሰውን የሚያስጨንቀው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ቤቱና ሰዎቹ

ቤቱ ከጣና ዳር ብዙ አይርቅም፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደወል ጥርት ብሎ የሚሰማበት ሰፈር ነው። በግቢው ውስጥ ያረጀ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ጥላው ግን የሚያርፈው በሳሎኑ ላይ እንጂ በስተምዕራብ ባለው መኝታ ቤት ላይ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ የዚያን ክፍል ግድግዳና ቆርቆሮ በቀጥታ ትመታዋለች።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ኤሲ ያለው ቤት ጥቂት ነው፤ እኔም ኤሲ ልግዛ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምመልሰው «መስኮትህ ላይ ወንፊት ግጠም፣ ቬንትሌተር ግዛ» የሚል ነው። ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ድረስ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ቢጠጋም፣ ጤነኛ ሰው ማንጎ ሥር ቁጭ ብሎ ያሳልፈዋል።

እዚህ ቤት ግን ሁኔታው ሌላ ነበር። የመምህርቷ ባለቤት፣ ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቷቸው አልጋ ላይ ናቸው። ቀኑን ሙሉ በአንድ ጎናቸው ሲተኙ ላብ ቆዳቸውን ያቆስለዋል። ቬንትሌተር ሲነፋባቸው ደግሞ የታመመው ትከሻቸው ይጠዘጥዛቸዋል። ሲመሽ የሐይቁ ትንኝ ስለሚመጣ መስኮት አይከፈትም፤ ባሕር ዳር የወባ አገር መሆኗን የማያውቅ የለም። ስለዚህ «ኤሲ ለዚህ ቤት ያስፈልጋል ወይ» የሚለውን ጥያቄ እዚያው በሩ ላይ ጣልሁት። ያስፈልጋል። ቀሪው ጥያቄ የትኛው ነው የሚል ነበር።

መምህርቷ፣ እትዬ የምላቸው፣ ደረሰኝ አይጥሉም። ቆሎና ቡና አቅርበውልኝ፣ ከብፌው መሳቢያ በክር የታሰረ ወረቀት አወጡ። ኤሲው በ2003 የተገዛ 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) ስፕሊት ነው፤ ማለትም ማሽኑ ሁለት ክፍል አለው፣ አንዱ ቤት ውስጥ ሌላው ውጭ ይሰቀላል። ለ10 ዓመት ያህል ከፊልተር ማጠብ በቀር ምንም አልጠየቀም። ከዚያ በሚያዝያ 2014 ጋዝ ተሞላ። ቀጥሎ ሰኔ 2015፣ ቀጥሎ ግንቦት 2016፣ ቀጥሎ ኅዳር 2017። አሁን ደግሞ መጋቢት።

ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደረደርኋቸውና በመካከላቸው ያለውን ወር እንዲቆጥሩልኝ ለመንኋቸው። የሒሳብ መምህርት አይደሉ፣ ወዲያው አሉኝ፦ «አሥራ አራት፣ አሥራ አንድ፣ ስድስት፣ አራት።» ዝም አሉ። ከዚያ «እያጠረ ነው» አሉ። እኔ እስከዚያ ድረስ ካቻቢቴዬን እንኳ ከቦርሳ አላወጣሁም ነበር። ከብዙ መለኪያዬ በፊት ይህ የአራት ቁጥር ተርታ ነገሩን ተናግሮታል፤ ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን እየሰፋ ወይም እየበዛ የሚሄድ ቀዳዳ አለ። አራቱም ጊዜ የመጡት ባለሙያዎች ሞልተው ገንዘባቸውን ተቀብለው ሄደዋል፤ በአንዱም ደረሰኝ ላይ የፍሳሽ ፍለጋ የሚል ቃል የለም። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የመጀመሪያው ቀን

ቢሆንም በአራት ወረቀት ብቻ ተነሥቶ «ኤሲዎ አብቅቶለታል» ማለት ሌላ ጥፋት ነው። ቀላሉን ችግር ሳላስወግድ ከባዱን አልናገርም።

በመጀመሪያ ወደ ክፍሉ የሚመለሰውን አየርና ከኤሲው አፍ የሚወጣውን አየር በቴርሞሜትር ለካሁ። የሚገባው 28 ዲግሪ፣ የሚወጣው 23 ነበር። ደህና ኤሲ በሁለቱ መካከል ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ልዩነት ያሳያል፤ ይህ 5 ብቻ ነው። ማንኛውም ሰው ቤቱ ባለ ተራ ቴርሞሜትር ይህን ልኬት መውሰድ ይችላል፤ ኤሲውን 15 ደቂቃ ያህል ካስነሡ በኋላ መለካት ነው። «አይ፣ ዘንድሮ ደከም ብሏል» ከሚል ግምት አንድ እንዲህ ያለ ቁጥር ይሻላል።

ፊልተሩ ቆሽሾ ነበር፤ አጠብሁት። መሰላል አስደግፌ ወደ ውጩ ክፍል ስወጣ ያገኘሁት ደግሞ የጣና ዳር ቤቶች ሁሉ የሚጋሩት ነገር ነው፤ በመብራት ተስበው የመጡ የሐይቅ ነፍሳት ሬሳ ከአቧራና ከሸረሪት ድር ጋር ተለውሶ የአልሙኒየሙን ክንፎች እንደ ጭቃ ምርጊት ለስኗቸዋል። አየር ካላለፈ ሙቀቱ አይወጣም። በቀስታ በሚወርድ ውኃ ከውስጥ ወደ ውጭ አጠብሁት። ሞተሩ እንዲነሣ የሚረዳው ካፓሲተር 35 ማይክሮፋራድ ይላል፤ ስለካው 27 ሆነ። ከተጻፈበት በመቶ 5 ያህል ቢዛነፍ ይታለፋል፤ ይህ ግን ከሩብ ጥቂት ያነሰ ጉድለት ነው። ቀየርሁት።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቁም። የካፓሲተር ዋጋ ከኤሲው ዋጋ አጠገብ ሲቀመጥ ኢምንት ነው። ነገር ግን ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ ለመነሣት ሲያቃስትና ብሬከር ሲጥል የሰማ ሰው «ኮምፕረሰሩ ተቃጥሏል» ተብሎ አዲስ የገዛበትን ቤት አውቃለሁ። ኮምፕረሰር ተቃጠለ የሚላችሁ ሰው የሞተሩን የሽቦ ጥቅልል ኦም ለክቶ፣ ከመሬት ጋር አለመገናኘቱን ፈትሾ ካላሳያችሁ አትመኑት። የእትዬን ኮምፕረሰር በዚያው ቀን ለካሁት፤ ጥቅልሎቹም ወደ መሬት የሚደረገው ፍተሻም ደህና ነበሩ።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ልዩነቱ ከ5 ወደ 6 ተኩል ከፍ አለ። መሻሻል ነው፤ ግን አልበቃም። ሁለት ነገሮች ደግሞ ወደ ጋዙ ያመለክቱ ነበር። አንደኛ፣ በሰሌዳው ላይ 5.4 አምፔር የተጻፈበት ማሽን የሚስበው 3.9 ብቻ ነበር፤ ጋዝ ሲጎድል ኮምፕረሰሩ የሚገፋው ጭነት ስለሚቀንስ የሚስበው መብራትም ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ በውጩ ክፍል ጎን ከሚገቡት ሁለት ቱቦዎች ቀጭኑ ነጭ አመዳይ ለብሶ፣ ወፍራሙ ግን ደረቅ ሆኖ ነበር። በእጄ ነካሁት፤ ለብ ያለ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ስፕሊት ጋዙ ሲበቃው ወፍራሙ ቱቦ ቀዝቅዞ ላብ ያንጠባጥባል። ፊልተር ብቻ ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ በረዶው ወፍራሙን ቱቦም ይይዘው ነበር። እትዬ ከመሰላሉ ሥር ሆነው «በረዶ ሠራ እኮ፣ ጥሩ አይደለም?» አሉኝ። አይደለም። ብዙ ሰው ቱቦ ላይ በረዶ ሲያይ ኤሲው የበረታ ይመስለዋል።

በዚያ ቀን ጋዝ አልሞላሁም። እትዬ አዘኑ፤ ጋሼ በሙቀቱ እንደሚሰቃዩ እያየሁ መሄዱ ለእኔም ከበደኝ። ግን አምስተኛውን ደረሰኝ መጻፍ አልፈለግሁም። ቴርሞሜትሩን ትቼላቸው አንድ ሳምንት በደብተር እንዲመዘግቡ ጠየቅኋቸው፤ ከቀኑ 8 ሰዓትና 11 ሰዓት ላይ የክፍሉን ሙቀት፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ የመብራት ቆጣሪውን።

ደብተሩና ናይትሮጅኑ

ተመልሼ ስመጣ ደብተሩ በማስመሪያ የተሰመረ፣ በሁለት ቀለም የተጻፈ ሆኖ አገኘሁት። ከ8 እስከ 11 ሰዓት ኤሲው ሳያቋርጥ ሠርቶ ክፍሉ የወረደው ከ29 ወደ 26.5 ነው። አንድም ቀን የታዘዘው 24 ዲግሪ ላይ ደርሶ አላረፈም። ማለትም ጥቂት አምፔር ቢስብም ቀኑን ሙሉ ይስባል። ቤቱ በሳምንት 58 ኪሎዋት ሰዓት በልቷል።

ቀዳዳውን ፍለጋ የጀመርሁት ከዳዶዎቹ ነው፤ ቱቦ ከማሽን የሚገናኝበት የናስ ዳዶ ከዓመታት መንቀጥቀጥ በኋላ ሊላላ ይችላል። በሳሙና አረፋ አራቱንም ፈተሽኋቸው። ምንም የለም። ከዚያ የቀረውን ጋዝ በመሳቢያ ማሽን ወደ ሲሊንደር ሰብስቤ መዘንሁት፤ 410 ግራም። ሰሌዳው 950 ይላል። ኅዳር ላይ በልኩ ተሞልቶ ከነበረ በአራት ወር ውስጥ 540 ግራም ወደ ሰማይ ወጥቷል ማለት ነው። አር-22 የተባለው ይህ ጋዝ ኦዞንን ከመጉዳቱ ሌላ ምድርን በማሞቅ አቅሙ በ100 ዓመት ሒሳብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,810 እጥፍ ይበልጣል። ስታባዙት ያ 540 ግራም ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። እትዬ ይህን ራሳቸው በደብተሩ ጀርባ አባዝተው መልሱን ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

የውስጡን ክፍል ከውጩ ለያይቼ ለየብቻ ደፈንኋቸውና ሁለቱንም በደረቅ ናይትሮጅን እስከ 20 ባር ግፊት ሞላኋቸው። ያኔ ከሰዓት ነበር፣ ሙቀቱ 29። በማግሥቱ ጠዋት 17 ዲግሪ ላይ ስመለስ የውጩ ክፍል 19.2 ያነባል። ይህ ፍሳሽ አይደለም፤ ጋዝ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል፣ ለዚህ የሙቀት ልዩነት የሚጠበቀውም ልክ ያን ያህል ነው። የውስጡ ክፍል ግን 13 ላይ ነበር።

ቦታው ታወቀ። ሽፋኑን ፈትቼ የመዳብ ቱቦው ጥቅልል ላይ የሳሙና ውኃ በብሩሽ ቀባሁና እትዬን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወንበር ላይ ወጡ፤ እኔ ባትሪ አበራሁላቸው። መጀመሪያ ምንም አልታየም። ከዚያ ከሁለት የአልሙኒየም ክንፎች መካከል የጤፍ ቅንጣት የምታህል አረፋ ብቅ አለች፤ አበጠች፣ ፈነዳች፣ ሌላ ተተካች። ከእርሷ አንድ ጣት ያህል ወረድ ብሎ ሌላ። በስተቀኝ መታጠፊያው ላይ ሦስተኛ፣ ዙሪያው በጠቆረ ዘይት የረጠበ። ጋዙ ሲወጣ የኮምፕረሰሩን ዘይት ትንሽ ትንሽ ይዞ ስለሚወጣ፣ አቧራ ሲለጥፍበት እንዲህ ያለ ጥቁር እድፍ ይቀራል። «ሦስት ናቸው» አሉ እትዬ። የሚታዩት ሦስት ናቸው አልኋቸው።

የቀጭን መዳብ እንዲህ መበሳት የታወቀ ስም አለው፤ ብረቱ በማጉያ መነጽር ሲታይ ጉንዳን የቦረቦረው ጎጆ ስለሚመስል በዚያው ነው የሚጠራው። ከቀለም፣ ከቫርኒሽ፣ ከኮምፖርሳቶ ሙጫና ከአንዳንድ የጽዳት ፈሳሾች የሚተንኑ አሲዶች ጥቅልሉ ላይ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኙ መዳቡን ቀስ እያሉ ይበሉታል። ክፍሉ መቼ ተቀባ ብዬ ጠየቅሁ። በ2012፣ ቁም ሣጥኑም ያኔ ገባ፣ ሽታው ወር ሙሉ አልወጣም ነበር አሉኝ። መስኮት ዘግቶ ኤሲ ማስነሣት ማለት ያንን ሽታ ደጋግሞ በእርጥቡ መዳብ ላይ ማሳለፍ ማለት ነው። አዲስ የተቀባ ቤት ያላችሁ ሰዎች መስኮታችሁን ክፈቱ፤ ሽታው እስኪወጣ ኤሲውን አታስነሡ።

«ሞተሩ እኮ ይሠራል»

ከባዱ ንግግር የተደረገው በዚያው ጠዋት ቡና ላይ ነው። እትዬ ሲኒውን እያሽከረከሩ «ሞተሩ እኮ ይሠራል ትላለህ። ልቡ ደህና የሆነውን አውጥታችሁ ጣሉት ይባላል?» አሉኝ። አጠገባችን አልጋው ላይ ጋሼ ነበሩ። ንግግራቸው ከስትሮኩ በኋላ ባይጠራም ሁሉን ይሰማሉ። እኔ መልስ ለመስጠት ጊዜ ወሰድሁ።

እውነት ነው፣ ኮምፕረሰሩ ቢያንስ ጥቂት ዓመታት ይሠራ ነበር። ስለዚህ መተካትን ከማንሣቴ በፊት ያሉትን መንገዶች አንድ በአንድ አየን።

ቀዳዳዎቹን መበየድ ይቻላል? አንዷን ይቻላል። ጥፋቱ ግን ከመዳቡ ገጽ አልፎ በውስጡ የተሠራጨ ነው፤ ሦስቱን ስንደፍን አራተኛዋ በሰኔ ትከፈታለች፤ የብየዳው ሙቀትም አጠገቧ ያለውን የሳሳ ቱቦ ያዳክመዋል። የውስጡን ጥቅልል ብቻ መቀየርስ? ለ2003 ሞዴል በባሕር ዳር አላገኘሁም፣ አዲስ አበባም አስጠይቄ አላገኘሁም። የዛሬ ኤሲ የውስጥ ክፍል ገዝቶ ከአሮጌው ውጭ ጋር መግጠም አይሆንም፤ የሚሠሩበት ጋዝና ግፊት ይለያያል። ለአር-22 በተሠራ ማሽን ውስጥ አር-410ኤ የተባለውን ሌላ የኤሲ ጋዝ መሙላት ደግሞ አደጋ ነው፤ ግፊቱ በመቶ 60 ገደማ ይበልጣል፣ ዘይቱም አይስማማውም።

አንድ ሰው ከእኔ በፊት የወጥ ቤት ጋዝ ልሙላበት ብሏቸው ነበር። እዚህ ላይ ቃላት አልመረጥሁም። ለሚቀጣጠል ጋዝ ባልተሠራ፣ ያውም ሦስት ቦታ በሚያፈስ ማሽን ውስጥ፣ ከአልጋው መነሣት የማይችል ሰው በተኛበት ዝግ ክፍል ውስጥ የሚቃጠል ጋዝ መሙላት ቤቱን ለእሳት ማዘጋጀት ነው።

ደጋግሞ አር-22 መሙላትስ? እስከ ዛሬ የተደረገው ይህ ነው። በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት እንደ ኢትዮጵያ ያሉ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ይህን የጋዝ ቤተሰብ በደረጃ እየቀነሱ ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በመቶ 10፣ በ2020 በመቶ 35፣ በ2025 በመቶ 67.5፤ በ2030 ለአሮጌ ማሽኖች ጥገና ከሚተው ጥቂት መጠን በቀር ያበቃል። ደረሰኞቹም ይህንኑ ያሳያሉ፤ እያንዳንዱ ሙሌት ከፊተኛው የተወደደ ነው። ብሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፉት ዋጋ ነገ ያረጃል። ነገር ግን አራቱ ሙሌቶች ሲደመሩ በ2016 መጀመሪያ ላይ ከነበረው የአዲስ ኤሲ ዋጋ ሲሶ ይሆኑ ነበር። እትዬን ያስከፋቸው ይህ ነው። «ያኔ ብትነግሩኝ» አሉ። ትክክል ናቸው፤ ሁለተኛው ሙሌት ላይ አንድ ሰው አንድ ሌሊት ናይትሮጅን ቢያሳድር ኖሮ አዲሱን በግማሽ ዋጋ ገዝተውት ነበር።

ስለዚህ ያልኋቸው ይህን ነው፦ የዕድሜው ነገር አያስጨንቀኝም፤ 14 ዓመት ለኤሲ ሽምግልና ቢሆንም ፍሳሹ ዳዶ ላይ ቢሆን ኖሮ አጥብቄ፣ ሞልቼ፣ ለተጨማሪ ጥቂት ዓመታት እተወው ነበር። የሞተሩ መሥራትም አያድነውም። የተበላሸው መለዋወጫ የሌለው ክፍል ነው፣ የሚያፈስሰውም ከገበያ እየወጣ ያለ ጋዝ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ለጥገና የሚወጣው ብር የሚገዛው ወራትን ብቻ ነው።

ጋሼ ደህና እጃቸውን አንሥተው ወደ ግድግዳው ኤሲ አመለከቱ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ወደ ታች አወረዱት። እትዬ አይተው «አውርደው አለህ» አሉኝ።

ከማውረዱ በፊት ቆርቆሮው

አዲሱ ከመገዛቱ በፊት ኮርኒሱን ከፍቼ አየሁ። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ከአየር በቀር ምንም የለም፤ በ9 ሰዓት እጄን ሳስገባ እንደ እንጀራ ምጣድ ክዳን ይፋጃል። ማንኛውም ኤሲ ከዚህ ጋር ሲታገል ይውላል። ከኮርኒሱ በላይ አልሙኒየም የተለበጠ የፎም ንጣፍ እንዲነጠፍ፣ በጣሪያው ሁለት ጫፍ ደግሞ ወንፊት ያለው የአየር መውጫ እንዲከፈት አደረግን። የአንድ ቀን ተኩል ሥራ ነው። ምዕራቡ መስኮት ላይ ከውጭ በኩል የሰንበሌጥ ጥላ ተሰቀለ፤ ይህ የእትዬ ሐሳብ ነው፣ በጣም ጥሩ ሐሳብም ነበር።

ሻጩ 18,000 ቢቲዩ እንዲወስዱ ገፋፍቷቸው ነበር። ክፍሉ 18 ካሬ ሜትር ነው። ከልኩ ያለፈ ኤሲ ክፍሉን ቶሎ አቀዝቅዞ ቶሎ ይጠፋል፤ እርጥበቱን ለማድረቅ ጊዜ ስለማያገኝ በክረምት አልጋ ልብሱ ይረጥባል። በሌላ በኩል የባሕር ዳር አየር ከባሕር ጠለል አየር በአምስት አንድ ያህል የሳሳ ነው፤ ቬንትሌተሩ እኩል ቢሽከረከርም የሚያልፈው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው አቅም እዚህ ሙሉ በሙሉ አይገኝም። ሁለቱን አመዛዝኜ እንደ ቀድሞው 12,000፣ ግን ኢንቨርተር፣ ጋዙ አር-32 የሆነ መረጥን። ኢንቨርተር ሲበቃው ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ ጠፍቶ አይነሣም።

በኢንቨርተር ላይ የሚነሣውን ስጋት አልንቀውም። የኤሌክትሮኒክስ ካርዱ ከተቃጠለ ውድ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ዝላይ ደግሞ ብዙ ካርድ ገድሎብኛል። የመብራቱን ኃይል የሚያስተካክል ስታቢላይዘርና ማዘግያ ሳይኖር አልገጥምም አልሁ፤ መብራት ከተመለሰ በኋላ አምስት ደቂቃ ቆይቶ የሚያገናኝ ተገጠመ። ይህን ወጪ የማይችል ቤት ኢንቨርተሩን ትቶ ቀላሉን ቢገዛ አልቃወምም።

የመዳብ ቱቦውን አዲስ ዘረጋሁ፤ በአሮጌው ውስጥ የቀረው ዘይት ከአዲሱ ጋር አይዋደድም። ከዚያ ቫኪዩም፣ ማለትም በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር በፓምፕ መጥጦ ማውጣት። ብዙ ገጣሚ ይህን ዘልሎ በራሱ በጋዙ አየሩን ያስነፍሳል፤ በቱቦው ውስጥ የሚቀረው አየርና እርጥበት ግን ማሽኑን ከውስጥ ይበላዋል። እናንተ አሠሪዎች፣ አጠገቡ ቁማችሁ ፓምፑ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሲሠራ እዩ። ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ ደግሞ ይህን ይያዙልኝ፦ መጽሐፉ የግፊት መለኪያው መርፌ አንድ ባር ከዜሮ በታች ይወርዳል ይላል፤ ባሕር ዳር ላይ ከ0.8 ጥቂት አልፎ ይቆማል። ፓምፑ አልተበላሸም፤ የከተማችን አየር ራሱ ክብደቱ ያን ያህል ነው።

ሥራው ያለቀው ሚያዝያ 9፣ ከፋሲካ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ነው። የሚገባው አየር 28፣ የሚወጣው 16። እትዬ በደብተሩ አዲስ ገጽ ጀመሩ። በፋሲካው ማግሥት በጀመረው ሳምንት ክፍሉ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከ26 አላለፈም፤ በግማሽ ሰዓት ወደ 24 ይወርዳል። ቤቱ በሳምንት የበላው 41 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ልዩነቱን ሁሉ ለአዲሱ ማሽን መስጠት ግን ልክ አይደለም፤ ኮርኒሱና የሰንበሌጡ ጥላ ድርሻ አላቸው። የመብራት ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ የሚያስወድድ ሆኖ፣ ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ስለሆነ 17 ኪሎዋት ሰዓት በሳምንት ቀላል አይደለም። የጋሼ ጎን የነበረው ቁስል እየደረቀ መሆኑን እትዬ የጻፉት በዚያው ደብተር፣ በቁጥሮቹ ዳር ነው።

በግንቦት መጀመሪያ ደግመው ደወሉልኝ። ጎረቤታቸው ኤሲያቸው ሁለት ጊዜ ጋዝ ተሞልቶ እንደገና ስለደከመ፣ የእትዬን አይተው አዲስ ሊገዙ ገንዘብ ከባንክ አውጥተዋል። «ቆዩ፣ መጀመሪያ ይለካ ብያቸዋለሁ፤ ደብተሩንም አውሼአቸዋለሁ» አሉኝ። በማግሥቱ ሄድሁ። የሰባት ዓመት ማሽን ነው፣ ጋዙ አር-410ኤ። በመጀመሪያው የሳሙና አረፋ ከቀጭኑ ቱቦ ዳዶ ሥር ትልቅ አረፋ እየተንፈቀፈቀ ወጣ። ዳዶውን ፈታሁ፣ የቱቦውን አፍ ቆርጬ አዲስ ከፈትሁለት፣ በቺያቤ አጠበቅሁ፣ ቫኪዩም አድርጌ በሚዛን ሞላሁ። ከሰዓት በኋላ ገንዘቡ ወደ ባንክ ተመለሰ።